አባዬ ቲቪው ጨለመባቸው፦ ከሩቅ ሆኖ ሬዞሉሽን ማስተካከል

አባዬ «ቲቪው ጨለመብኝ» ብለው ሲደውሉ እኔ ከሩቅ ሆኖ የሰው ኮምፒውተር በሚያንቀሳቅሰው ኤኒዴስክ በሚባል ፕሮግራም፣ ከቲቪው ጋር በተያያዘው ኮምፒውተራቸው ውስጥ ነበርኩ። በእኔ በኩል ሁሉም ነገር ጥርት ብሎ ይታያል። «ኧረ በርቷል!» እላለሁ። «ኧረ ድርግም ብሏል!» ይላሉ። ሁለታችንም ልክ ነበርን።

ኤኒዴስክም ሆነ መሰሉ ቲምቪወር የሚያሳየን ኮምፒውተሩ የሚያዘጋጀውን ምስል እንጂ ቲቪው ላይ የወጣውን አይደለም። ኮምፒውተሩ አሮጌው ቲቪ የማይችለውን የምስል መጠን (ሬዞሉሽን) ከላከ፣ ቲቪው «ሲግናል የለም» ወይም «አይደገፍም» የሚል ጽሑፍ አውጥቶ ይጠቁራል። እኛ ጋ ግን ሰላም ነው። ስለዚህ ሬዞሉሽን ከመንካታችሁ በፊት ቲቪው ፊት ሰው ይኑር። በቪዲዮ ደውሎ ስልኩን ወደ ቲቪው የሚያዞርላችሁ ልጅ ቤት ውስጥ ካለ እሰየው።

ቲቪው ቀድሞ ይብራ፤ ኮምፒውተሩ የተሰካበት ኤችዲኤምአይ (የምስል ገመድ መግቢያ) ላይም ይሁን። ኮምፒውተሩ የሚያቀርብላችሁን የመጠን ዝርዝር የሚያገኘው ከራሱ ከቲቪው ነው። ቲቪው ጠፍቶ ከሆነ ዝርዝሩ ሊዛባ ይችላል።

ከዚያ ዴስክቶፑ ላይ በቀኝ ክሊክ «ዲስፕሌይ ሴቲንግስ» ውስጥ ግቡ። ላፕቶፕ ከሆነ ሁለት ስክሪን ይታያችኋል። የቱ ቲቪው እንደሆነ አትገምቱ፤ «አይደንቲፋይ» የሚለውን ተጫኑና «ቲቪው ላይ ስንት ቁጥር ወጣ?» ብላችሁ ጠይቁ። የነገሯችሁን ቁጥር መርጣችሁ ወደ «ዲስፕሌይ ሬዞሉሽን» ውረዱ።

«ኤችዲ ሬዲ» የሚል ምልክት ያለባቸው ብዙዎቹ የድሮ ቲቪዎች ስክሪናቸው 1366 በ768 ነው። በኤችዲኤምአይ ግን እኔ ሁሌም የምጀምረው ከ1280 በ720 ነው። በቪጂኤ ገመድ (በድሮው ዓይነት) የተያያዘ ከሆነ 1024 በ768 ሞክሩ። «አድቫንስድ ዲስፕሌይ» ውስጥ ደግሞ 60 ኸርዝ (ምስሉ በሰከንድ የሚታደስበት ብዛት) መሆኑን እዩ።

አሁን ዋናው ነገር። መጠኑን እንደቀየራችሁ ዊንዶውስ «ኪፕ ቼንጅስ» ወይስ «ሪቨርት» ብሎ ይጠይቃል። 15 ሰከንድ ዝም ካላችሁት ራሱ ወደ ነበረበት ይመልሰዋል። «ኪፕ» የሚለውን በራሳችሁ ዓይን አይታችሁ እንዳትጫኑ! ከዚያ ማዶ «ታየኝ» እስኪሉ ጠብቁ። ካላሉ እጃችሁን ሰብስቡ፣ ቲቪው ራሱ ይመለሳል። እኔ የዚያን ቀን 1920 በ1080 አድርጌ፣ አምሮብኝ ጠቅ አደረግኩት። ደግነቱ መስመሩ አልተቋረጠም ነበር፤ እዚያው ገብቼ ዝቅ አደረግኩትና አባዬ «መጣ! መጣ!» አሉ።

የዊንዶውስ የራሱ «ሪሞት ዴስክቶፕ» ለዚህ ሥራ አይሆንም። ስትገቡ እዚያ ያለውን ስክሪን ይቆልፋል፣ መጠኑንም ከውስጥ መቀየር አይፈቅድም።

ምስሉ መጥቶ ዳር ዳሩ ከተቆረጠ፣ ለምሳሌ ታች ያለው የ«ስታርት» ምልክት ግማሹ ከጠፋ፣ ሬዞሉሽኑን አትነካኩ። ብዙ ጊዜ ምስሉን አሳድጎ ጠርዙን የሚቆርጠው ቲቪው ነው። በቲቪው ሪሞት የምስል መጠን ውስጥ «ጀስት ስካን» ወይም «ስክሪን ፊት» የሚል ይፈለግ። ሪሞቱን በስልክ ማስረዳት ከሁሉም የባሰ ሥራ ነው፤ «ቢጫዋን ነው?» «የለም አባዬ፣ ከሷ በላይ ያለችውን» ስንባባል ግማሽ ሰዓት ሄዷል።

«ፊደሉ አነሰብኝ» ካሉም ሬዞሉሽኑን ትታችሁ እዚያው ገጽ ላይ «ስኬል» የሚለውን ወደ 125 ወይም 150 በመቶ ከፍ አድርጉት።

ሲያልቅ የሠራውን ቁጥር አጽፏቸው። የእኛዎቹ «1280 በ720፣ 60» ብለው በወረቀት ጽፈው ቲቪው ጀርባ በፕላስተር ለጥፈውታል። የኤኒዴስክ መግቢያ ኮዱን ግን ከእናንተ በቀር ለማንም ደዋይ እንዳይነግሩ፣ «ከኩባንያው ነው» ቢላቸውም፣ ስልኩን ከመዝጋታችሁ በፊት ንገሯቸው።