መንደሩ ሸክላ ይሠራ ነበር ወይስ ከሌላ ያመጣ ነበር? ከገል እንዴት እንደሚታወቅ

ሆሆካሞች የሚባሉት ጥንታዊ ሕዝቦች ዛሬ የአሜሪካ ግዛት በሆነችው በአሪዞና በረሃ፣ በሂላና በሶልት ወንዞች ዳር፣ ቦይ ቆፍረው በቆሎና ጥጥ ያለሙ ነበር። መንደሮቻቸው ሲቆፈሩ ምድሩ ሁሉ ገል ነው። ገል በዛ ማለት ግን ሸክላ እዚያው ተሠራ ማለት አይደለም። ከሌላ መንደር ያመጣም ሰው ማሰሮው ይሰበርበታል። እኔ ቱሳን ከተማ ውስጥ ገል በማጠብና በመለየት በፈቃደኝነት አግዛለሁ። ለአዲስ ሰው የማሳየው እንዲህ ነው።

መጀመሪያ ገሉን ተዉትና መሣሪያ ፈልጉ። ሆሆካሞች በሚሽከረከር መሥሪያ አልሠሩም። ጭቃውን እንደ ገመድ አድቦልቡለው ይደራርቡታል። ከዚያ ከውስጥ በድንጋይ ደግፈው፣ ከውጭ በጠፍጣፋ እንጨት እየመቱ ያሳሱታል። እንጨቱ በስብሶ ይጠፋል፣ ድንጋዩ ይቀራል። አንድ ፊቱ ጎበጥ ብሎ በሥራ ብዛት የለሰለሰ ድንጋይ ካገኛችሁ ለብቻው አስቀምጡት። ማለስለሻ ጠጠር፣ ቀይ ቀለም የተፈጨበት ድንጋይ፣ እሳት ያልነካው የጭቃ ድብልብል አብረው ከወጡ ነገሩ እየጠራ መጣ። በአንድ ቤት ብቻ ከሆነ ለጓዳ የተሠራ ሊሆን ይችላል። በብዙ ቤቶች ከተደጋገመ ግን ሙያ ነው።

ቀጥሎ አሸዋው። እኔ በጣም የምወደው ይህን ነው። ጭቃው ሲደርቅና ሲተኮስ እንዳይሰነጠቅ አሸዋ ወይም የተፈጨ ድንጋይ ይገባበታል። አሸዋ ደግሞ የመጣበትን ተራራ አይደብቅም። ከገሉ ጫፍ በጉጠት ትንሽ ቁረሱ፤ አሮጌው ስብራት ቆሻሻ ስለያዘ አያሳይም። አዲሱን ስብራት በማጉያ መነጽር እዩት፣ ብርሃን ላይ ዘንበል አድርጉት። ብልጭ ብልጭ ካለ ሚካ የሚባል አብረቅራቂ ማዕድን ያለበት ድንጋይ አለው። ብልጭታ ብቻ ግን አይበቃም፤ እንዲህ ያለ ድንጋይ በሂላ ዳርም በፊኒክስ ተራሮችም አለ። ለቁርጡ ገሉ እስከ 0.03 ሚሊሜትር ስስ ተደርጎ በማይክሮስኮፕ ይታያል፣ ከየጅረቱ ከተለቀመ አሸዋም ጋር ይነጻጸራል።

የአርኪዮሎጂ ባለሙያው የእነ ዴቪድ አቦት ጥናት በዚህ መንገድ ትልቅ ነገር አሳየ። በሶልት ሸለቆ ሰዎች እጅ የነበሩት፣ በነጣ ያለ ገላ ላይ በቀይ የተሳሉት ሸክላዎች፣ አብዛኞቹ የተሠሩት በመካከለኛው ሂላ ዳር ነው። ያ ሁሉ ማሰሮ ያለ ጋሪና ያለ ጭነት ከብት፣ በሰው ጀርባ ተጓዘ!

ይህን ስትሞክሩ ከመሬት ገል አታንሡ። በአሜሪካ ፌዴራል መሬት ላይ በ1979 እ.ኤ.አ. የወጣው የቅርስ ጥበቃ ሕግ ይከለክላል፤ ከዚያ ሁሉ በላይ ደግሞ የአካባቢው ነባር ነዋሪዎች ለሆኑት ለኦድሃም ሕዝቦች የአያቶቻቸው ቅርስ ነው። በሙዚየም ወይም በቁፋሮ ቡድን ውስጥ ሥሩ።

በመጨረሻ ወደ ጎረቤት መንደሮች ዙሩ። የእናንተ መንደር አሸዋ በእነሱ ማሰሮ ውስጥ ካለ፣ መሣሪያው ግን እነሱ ዘንድ ከሌለ፣ ሠሪዎቹን አገኛችኋቸው።