የባለቤቴ ቪዛ ሲከለከል ያደረግነው

እኔ ብሪታንያ፣ ባለቤቴ አዲስ አበባ። የክልከላው ደብዳቤ የደረሳት ዕለት በስልክ አብረን አለቀስን። በማግስቱ ደብዳቤውን ቃል በቃል አነበብሁት፤ ትዳራችንን አልተጠራጠሩም፣ ገቢዬም በዓመት ከሚጠየቀው 29,000 ፓውንድ በላይ ነው። የጎደለው አንድ ነገር ነበር፤ የመጋቢት ደመወዜ የገባው በሌላኛው የባንክ ሒሳቤ ነው፣ የዚያን መግለጫ አላያያዝሁም።

ይግባኝ ለማለት 28 ቀን ነበረን። ስህተቱ የሰነድ ስለሆነ እንደ አዲስ ማመልከትን መረጥን፤ የማመልከቻውን ክፍያ እንደገና መክፈል ቢከብድም ይግባኙ ወራት ይፈጃል። የሚጠየቀውን የስድስት ወር የደመወዝ ወረቀት ከባንክ መግለጫው ጎን ዘርግቼ፣ የገባውን ገንዘብ እስከ ሳንቲሙ በእርሳስ አመሳከርሁ። የአሠሪዬን ደብዳቤ ጨመርሁ። የቀድሞውን ክልከላም በግልጽ ጻፍን፤ መደበቅ ራሱ ያስከለክላል። በዚህኛው ጊዜ ተፈቀደላት።