ጎርፉ ከየት እየመጣ ነው? ርብና ጉማራ ወንዞች ላይ የውሃ ከፍታ የሚለካ ሴንሰር ለምትተክሉ

አንድ ሴንሰር ብቻ ልትገዙ ካሰባችሁ ተዉት። ፎገራ ሜዳ ላይ ውሃ ከሁለት ወገን ነው የሚመጣው። ርብና ጉማራ ከጉና ተራራ ይዘውት ይወርዳሉ፤ ክረምቱ እየገፋ ሲሄድ ደግሞ ጣና ራሱ ይሞላና መውረጃ ያሳጣቸዋል። ስለዚህ በአንድ ወንዝ ቢያንስ ሦስት ቦታ ትከሉ፤ አንዱን ወደ ደጋው፣ አንዱን ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ድልድይ ላይ፣ አንዱን ወንዙ ሐይቁ ጋ ሊደርስ ሲል። የላይኛው ቀድሞ ከጨመረ ደራሽ እየመጣ ነው። የታችኛው ብቻ ቀስ እያለ ከጨመረ ጣና ነው። ሁለት ሦስት ጎርፍ ካሳለፋችሁ በኋላ ከላይኛው እስከ ድልድዩ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ታውቁታላችሁ፤ ለመሸሽ ያላችሁ ጊዜ እሱ ነው።

ዕቃው ቀላል ነው። ኢኤስፒ 32 ቦርድ (ትንሽ ኮምፒውተር ነው)፣ የሎራ ሬዲዮ (በትንሽ ኃይል ሩቅ የሚልክ)፣ ውሃ የማያስገባ አልትራሶኒክ ሴንሰር (በማይሰማ ድምፅ ርቀት የሚለካ)፣ ባትሪ፣ ትንሽ ሶላር። ክረምት ላይ ፀሐይ ስለምትጠፋ ባትሪው ለሳምንት የሚበቃ ይሁን። አንቴና ሳትገጥሙ ሬዲዮውን እንዳታበሩት፣ ሊቃጠል ይችላል።

ሴንሰሩን ድልድዩ ሥር፣ ከምሰሶው ራቅ አድርጋችሁ፣ አፉን ወደ ታች ስቀሉት። ድምፅ ልኮ እስኪመለስለት ስለሚቆጥር የሚነግራችሁ እስከ ውሃው ያለውን ርቀት ነው። የሙቀት መለኪያም ግጠሙ፣ አትሰስቱ። ድምፅ በ20 ዲግሪ በሰከንድ 343 ሜትር ይሄዳል፣ በየዲግሪው 0.6 ሜትር ያህል ይጨምራል፤ ጠዋት 12፣ ቀን 27 ዲግሪ ከሆነ በ4 ሜትር ርቀት ላይ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ይዋሻችኋል።

እኔ መጀመሪያ የሰቀልኩት አንድ ሌሊት «ወንዙ ድልድዩን ነካ» አለኝ። ተደናግጬ ሰው ቀሰቀስኩ። ለካ ተርብ አፉ ላይ ቤት ሠርቶበት ነው! ከዚያ ወዲህ አምስት ጊዜ አስለክቼ በቅደም ተከተል እደረድርና መሃለኛውን ቁጥር እወስዳለሁ (አማካይ አትውሰዱ፣ አንድ ወፍ ታበላሸዋለች)፣ ጎረቤቱ ሴንሰር ጭማሪ ካላሳየም ማስጠንቀቂያውን አቆየዋለሁ። የታችኛው ላይ ግን እምቦጭ ተንሳፍፎ ከሴንሰሩ ሥር ከቆመ ቁጥሩ ሁሉ የቅጠሉ እንጂ የውሃው አይደለም፤ ሄዶ ማየት ነው።

የሴንሰሮቹን ሬዲዮ የሚሰበስበውን መቀበያ ወረታ ከተማ ከፍ ያለ ጣሪያ ላይ አድርጉት። ሜዳው ለሎራ ይመቻል፣ የባሕር ዛፍ ጫካ ግን ሲግናሉን ይበላዋል። ኢንተርኔት ሲቋረጥ መልእክቱ በኤስኤምኤስ ይሂድ። የሁለት ሰው ስልክ አስገቡ፣ አንዱ እዚያው ወንዙ ዳር የሚያድር ይሁን፣ ሰኔ ላይ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ደውላችሁ ማንሣቱን ሞክሩት።