የአየርና ቤንዚን ምጣኔ ጌጅን በቱርቦ መኪና ላይ ስለመግጠም

ቱርቦ (አየርን በግፊት ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የተጨመረለት ሞተር ከፋብሪካ ሲወጣ በተሰላለት የቤንዚን መጠን ብቻ በደህና ሊሠራ አይችልም። በረጋ ጉዞ ለ1 ኪሎ ቤንዚን 14.7 ኪሎ ያህል አየር ተስማሚ ቢሆንም፣ ቱርቦው ሙሉ ግፊት በሚሰጥበት ጊዜ ምጣኔው ወደ 11.5 አካባቢ ካልወረደ፣ ማለትም ቤንዚኑ ካልበዛ፣ የሲሊንደሩ ሙቀት ከልክ አልፎ ፒስተኑን ሊያቀልጠው ይችላል። ብዙ መኪኖች ይዘውት የሚመጡት ተራ የኦክስጅን ሴንሰር ድብልቁ ከ14.7 በላይ ይሁን በታች ከመለየት ያለፈ ነገር ስለማይናገር፣ ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው እንደ ቦሽ ኤልኤስዩ 4.9 ያለ ሰፊ ክልል የሚያነብ ሴንሰርና ከእርሱ ጋር የሚሠራ ጌጅ ነው።

አብዛኛው ሰው የሚጨነቀው ጌጁ ዳሽቦርዱ ላይ የት እንደሚያምር ነው፤ የንባቡ ትክክለኛነት የሚወሰነው ግን ከመኪናው ሥር፣ ሴንሰሩ በሚገባበት የጭስ ቱቦ ላይ ነው። ቦታው ከቱርቦው መውጫ በኋላ 90 ሳንቲ ሜትር ያህል ርቆ፣ ከካታሊቲክ ኮንቨርተሩ (ጭሱን ከሚያጣራው ክፍል) ግን ቀድሞ መሆን አለበት፤ ከቱርቦው በፊት ከተገጠመ ሙቀቱና ግፊቱ ሴንሰሩን ቶሎ ይጨርሱታል፣ ንባቡንም ያዛባሉ። ቱቦው ከመኪናው ወርዶ ከተበሳ በኋላ 18 ሚሊ ሜትር ጥርስ ያለው መቀበያ ቀለበት ዙሪያውን ያለ ክፍተት ይበየዳል። ቀዳዳው ወደ ላይ ያዘነበለ፣ ቢያንስ ከአግድም መስመር 10 ዲግሪ ከፍ ያለ ይሁን፤ ሞተሩ ሲነሳ በቱቦው ውስጥ የሚጠራቀመው ውኃ የሴንሰሩን የጋለ ሴራሚክ ከነካው ይሰነጥቀዋልና። ከሴንሰሩ በፊት ባለ ማንኛውም ማያያዣ ላይ ትንሽ ሽንቁር እንኳ ቢኖር የውጭ አየር ገብቶ ድብልቁ በሐሰት ቤንዚን ያነሰው መስሎ እንዲታይ ስለሚያደርግ፣ ጋስኬቶቹን በዚሁ አጋጣሚ መፈተሽ ተገቢ ነው። ሲሊኮን ማሸጊያ በፍጹም አይቀባ፤ ትነቱ ሴንሰሩን ይመርዘዋል።

የኤሌክትሪክ ሥራው የባትሪውን ኔጌቲቭ ከመፍታት ይጀምራል። ገመዱ ከጋለው ቱቦ ርቆ፣ በጎማ ቀለበት በተጠበቀ ቀዳዳ ወደ ውስጥ ይግባ። የጌጁ ፖዘቲቭ ገመድ የመኪናው ቁልፍ ሲከፈት ብቻ ኃይል ከሚያገኝ መስመር፣ አምራቹ ባዘዘው ፊውዝ በኩል ይወሰድ። ሴንሰሩ ቱቦው ላይ እያለ ኃይል ሳያገኝ ሞተሩን ማሠራት አይገባም፤ ያልሞቀ ሴንሰር በጥላሸት ይበላሻል። የኤልኤስዩ 4.9 ንባብ ትክክል እንዲሆን የሚያደርገው ማስተካከያ ሬዚስተር ያለው በራሱ ማያያዣ ውስጥ በመሆኑ ገመዱን ለማሳጠር ማያያዣውን መቁረጥ ሴንሰሩን ከነትክክለኛነቱ መጣል ነው። ንባቡ በ0–5 ቮልት መስመር ወደ ሞተሩ ኮምፒውተር የሚላክ ከሆነ የጌጁና የኮምፒውተሩ ኔጌቲቭ በአንድ ነጥብ ላይ ይታሰሩ፤ ያለዚያ ጌጁ 11.5 ሲያሳይ ኮምፒውተሩ ሌላ ቁጥር ሊያነብ ይችላል።

ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ንባቡን በዝግታ ጉዞ መመልከት ይቀድማል። አንድ ካንዴላ ባይተኩስ ያልተቃጠለው ኦክስጅን ወደ ቱቦው ስለሚወጣ ጌጁ ድብልቁን ቤንዚን ያነሰው አድርጎ ያሳያል፤ ይህን ሳይለዩ ቤንዚን መጨመር ጥፋት ነው። ለአዲስ አበባ ባለ ካርቡሬተር መኪና አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ አለ፦ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አካባቢ በሳሳ አየር የተስተካከለ ካርቡሬተር ወደ አዋሽ ቆላ ሲወርድ አየሩ ስለሚወፍር ድብልቁ ቤንዚን ያንሰዋል፤ ስለዚህ ማስተካከያው በቆላም መረጋገጥ አለበት። በሙሉ ግፊት ጊዜ ቁጥሩ ከ12.5 በላይ መውጣት ከጀመረ ፔዳሉን ወዲያውኑ መልቀቅና የቤንዚን ፓምፑን፣ ማጣሪያውንና ኢንጀክተሮቹን መመርመር ያስፈልጋል።