ክፍሉ እስኪተነፍስ፦ የተዝረከረከ ክፍልን በአንድ ቅዳሜ ማቅለል

አምና ጳጉሜ ላይ ከአልጋዬ ሥር ሻንጣ ጎትቼ አወጣሁ። ውስጡ እናቴ ፈትላ ያሸመነችው ጋቢ ነበር። ለእንግዳ ይሆናል ብዬ በፌስታል ጠቅልዬ ነው ያስቀመጥኩት። ስፈታው ሻጋታው ሸተተኝ። እጥፋቱን ተከትሎ ቢጫ መስመር ወጥቶበታል፤ ጫፉ ላይ ጥቋቁር ነጠብጣብ አለ። ሦስቴ አጠብኩት። ቢጫው ለቀቀ፣ ጥቁሩ ግን እስከ ዛሬ አለ። እንግዳ ደግሞ አንድም ቀን አልለበሰውም።

የባሕር ዳር ክረምት ኃይለኛ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡ ይበረታል፣ ግድግዳው ይረጥባል፣ አየር ያጣ እቃ ይሻግታል። ለክፉ ቀን ብለን ያፈንነው ነገር ክፉው ቀን ሳይመጣ እጃችን ላይ ይበላሻል። ያን ቀን ነው ክፍሌን ላቃልል የቆረጥኩት። እንዴት እንደሠራሁት ልንገራችሁ።

1. ቀን ቁረጡ፣ አንድ ክፍል ብቻ ምረጡ

ዝናቡ የሚያባራበት ወቅት ይሻላል። መስከረም መጨረሻ ጥሩ ነው፣ በጋውም ይሆናል። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ጀምሩ፤ 6 ሰዓት ሲሆን ፀሐዩ አያሠራም። ሙሉ ቤቱን በአንድ ቀን አትንኩ። ግማሽ ላይ ይደክማችኋል፣ ከበፊቱ የባሰ ዝርክርክ ውስጥ ታድራላችሁ። ሸራ፣ አራት ባዶ ማዳበሪያ፣ መጥረጊያና እርጥብ ጨርቅ ካላችሁ በቂ ነው።

2. ሁሉንም ወደ ግቢ አውጡ

ሁሉንም ስል ሁሉንም ነው። ክፍሉ ውስጥ ቁጭ ብሎ መምረጥ አይሠራም፣ እቃ እቃን ይደብቃል። ሸራው ላይ ሲዘረጋ ግን ሦስት ካውያ እንዳላችሁ፣ ሁለቱ እንደማይሠሩ ታያላችሁ። የእኔ ሲዘረጋ ጎረቤቴ ደንግጣ መጣች።

«ምነው ልጄ፣ ልትለቂ ነው እንዴ?»

«አይ እትዬ፣ እያጸዳሁ ነው።»

«ይሄ ሁሉ ከዚያች ክፍል ነው የወጣው?» አለችኝ። እኔም ያኔ ነው በደንብ ያየሁት።

ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ ግቢ ከሌላችሁ አልጋው ላይ ከምሩት። ሳትጨርሱ መተኛት ስለማትችሉ ሥራው ለነገ አያድርም።

3. ባዶውን ክፍል አጽዱ

ቁም ሳጥኑን ከግድግዳው ሳቡት። ጀርባው ሻጋታ ካለው በሳሙና ውሃ ጥረጉና በር መስኮት ከፍታችሁ አድርቁት። በረኪና ከተጠቀማችሁ ከሌላ የጽዳት ኬሚካል ጋር ፈጽሞ አትቀላቅሉ፣ መርዘኛ ጋዝ ይወጣዋል። ስትመልሱት ከግድግዳው አራት ጣት ያህል አርቁት። አየር ካላለፈ በሚመጣው ክረምት እዚያው ይሻግታል።

4. ለዩ

ከባዱ እዚህ ነው፤ ሰዓታችሁን ለዚህ ቆጥቡ። እያንዳንዱን እቃ በእጃችሁ ያዙና «ካለፈው መስከረም ወዲህ ነክቼዋለሁ?» በሉ። ዓመት የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። ዓመት ሲሞላ ገናም ጥምቀትም ፋሲካም ክረምትም አልፏል። በዚያ ሁሉ ያልተፈለገ እቃ ከእንግዲህ ሊፈለግ የሚችለው በስንት አንዴ ነው። የጥምቀት ቀሚስ በዓመት አንዴ ቢለበስም ሥራ አለው፣ ይቀመጥ። ጃንጥላም እንደዚሁ።

አብዛኛውን ጣሉ የሚል ምክር እሰማለሁ፣ ለእኛ ቤት ግን ልኩ አይደለም። ውሃ ይጠፋል፤ ስለዚህ ጄሪካን ትርፍ እቃ አይደለም። ዘመድ ከገጠር ሳይነግር ይመጣል፤ ስለዚህ የእንግዳ ፍራሽ ያስፈልጋል። ግን አንድ ፍራሽ። ጄሪካንም ቢሆን ከዘጠኙ ሁለቱ የሚያንጠባጥቡ፣ አንዱ ክዳን የሌለው ከሆነ ስድስት ነው ያላችሁ። ክዳን የሌለው ውሃ የወባ ትንኝ መራቢያም ሊሆን ይችላል። ግቢ ውስጥ ዝናብ የሚያቁር አሮጌ ጎማና ጣሳ ካለም አብሮ ይውጣ።

ወረቀትን ለብቻ ያዙ። የትምህርት ማስረጃ፣ የልደት ካርድ፣ የቤት ካርታ፣ ውል፣ የክትባት ካርድ አንድ ፋይል ውስጥ ይግቡ፣ ፋይሉ ደግሞ ከወለል ከፍ ብሎ ይቀመጥ። መድኃኒት ካለ ቀኑን እዩ። ቀኑ ያለፈበትን ለማንም አትስጡ፤ ምን እንደሚደረግ ፋርማሲ ጠይቁ።

የትዝታ እቃ ላይ ራሳችሁን አታጨናንቁ፣ መጨረሻ ላይ እዩት። የአባቴ ሬዲዮ አይሠራም፤ አልጣልኩትም። ሣጥን ውስጥ ከመቅበር ግን መደርደሪያ ላይ አወጣሁት፣ አሁን በየቀኑ አየዋለሁ። የሚወደድ ነገር የሚታይበት ቦታ ይገባዋል። ማስቀመጫ ቦታ ያጣችሁለትን ፎቶ አንሱትና እቃውን ለሚፈልገው ዘመድ ስጡ።

5. የሚወጣውን በዚያው ቀን አስወጡ

ማዳበሪያው በር ሥር ካደረ ይፈታል። እኔ ደርሶብኛል፤ ማታ «እስቲ ይቺን ብቻ» እያልኩ ግማሹን መልሼ አስገባሁ።

ደህና ልብስ ታጥቦና ተተኩሶ ይሰጥ። የተቀደደውን ለሰው አትስጡ፣ መወልወያ ጨርቅ አድርጉት። ብረታ ብረት፣ ጠርሙስና የተሰበረ ፕላስቲክ ለቁራሌው ነው፤ ሰፈር ሲያልፍ ጥሩትና በገንዘብ ሽጡለት። ልዋጭ ላይ ግን ጠንቀቅ በሉ። በአምስት አሮጌ ልብስ ሳፋና ብርጭቆ ይሰጣችኋል፤ ሳፋ የሚያስፈልጋችሁ ከሆነ ደስ ይላል፣ ካልሆነ አንዱን ትርፍ በሌላ ትርፍ ለወጣችሁ እንጂ ክፍሉ አልቀለለም።

የሚጣለውን ወደ ቦይ አትጣሉ። ይሄን አጥብቄ ነው የምለው። እዚህ ከተማ ጎርፍ የወሰደው ፌስታል ብዙውን ጊዜ መድረሻው ሐይቁ ወይም ዓባይ ነው። ጣና ከ3000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ቢሰፋም ጥልቀቱ 15 ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፤ ሰፊ ስለሆነ ሁሉን ይችላል ማለት አይደለም። ዓሣ የምንበላው ከዚያው ነው። ያለቀ ባትሪና ፕላስቲክም ግቢ ውስጥ አይቃጠል።

6. መልሱ፣ ግን ከወለል አንሡ

በገዳሞቻችን የብራና መጽሐፍ በቆዳ ማኅደር ገብቶ ግድግዳ ላይ በማንጠልጠያው ይሰቀል ነበር። ከእርጥበትም ከአይጥም ይርቃል። እኛም ከዚያ ብንማር ጥሩ ነው። ግድግዳው ላይ ጥቂት ኩላብ ምቱ፤ ቦርሳ፣ ጃንጥላና የዕለት ጃኬት እዚያ ይሰቀሉ። ልብስ ግን በልብስ ላይ አትደራርቡ፤ ትንኝ ቀን ቀን የምታርፈው እንደዚያ ያለ ጨለማ ጀርባ ነው።

አልጋው ሥር ከተቻለ ባዶ ይሁን። ባዶ ሲሆን መጥረጊያ ይገባል፣ አጎበሩም ዙሪያውን ፍራሹ ሥር በደንብ ይወተፋል። የእኔ አልጋ ከሻንጣው ጋር ተጣብቆ ስለነበር በአንድ በኩል አጎበሩ ሁልጊዜ ክፍት ነበር። ሻንጣው ከወጣ ወዲህ ተዘግቶ ያድራል።

7. እንዳይመለስ

ማታ ማታ አሥር ደቂቃ ይበቃል። ወንበር ላይ የተከመረ ልብስ ወይ ይታጠፍ ወይ ወደ እጥበት ይሂድ። አንድ ጫማ ከተገዛ አንድ ጫማ ይውጣ። ገበያ ላይ ርካሽ እቃ ስታዩ ከመክፈላችሁ በፊት የት እንደምታስቀምጡት አስቡ፤ ቦታው ካልመጣላችሁ እለፉት።

በወር አንድ ጠዋት ደግሞ ሻንጣና ሣጥን ከፍታችሁ ልብሱን ገመድ ላይ አስጡት። ስትመልሱት በፌስታል አትጠቅልሉት፣ በንጹሕ ነጠላ ወይም አንሶላ ይሁን።

ያ ጥቁር ነጠብጣብ ያለበት ጋቢ አሁን በር ጀርባ ኩላብ ላይ ነው። ማታ ከሐይቁ ነፋስ ሲመጣ ደርቤው በረንዳ ላይ እቀመጣለሁ። እናቴ እሑድ እሑድ ትደውላለች።

«ጋቢውን አሰጣሽው ወይ?»

«ለብሼዋለሁ፣ እማዬ።»