ሞተሩ በሦስት ሲሠራ፦ የተኛውን ሲሊንደር ቤታችሁ ሆናችሁ ለማግኘት

መኪናዋ ቆማ ሚኒሞ ላይ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ፣ ትንቀጠቀጣለች። ዳገት ላይ ጉልበት ታጣለች። የማርሚታው ድምፅ ወጥ መሆኑ ቀርቶ እየቆራረጠ «ፑፍ፣ ፑፍ» ይላል። መካኒኮች ይህን ሲያዩ «በሦስት ነው የምትሠራው» ይላሉ። ከአራቱ ሲሊንደሮች አንዱ ነዳጁን ማቃጠል አቅቶታል ማለት ነው።

ብዙ ሰው ይህን እንደሰማ ወደ መለዋወጫ ገበያው ወደ ሶማሌ ተራ ይሮጥና አራት ካንዴላ (ነዳጁን የሚያቀጣጥለውን ብልጭታ የሚሰጠው) ከአራት ኮይል (ለካንዴላው ከፍተኛ ቮልት የሚያመነጨው) ጋር ገዝቶ ይመለሳል። አንዳንዴ ይሳካል። ብዙ ጊዜ ግን ብሩ ይሄዳል፣ መንቀጥቀጡ ይቀራል። መጀመሪያ የቱ ሲሊንደር እንደተኛ ይታወቅ። ከዚያ የራሷን የመኪናዋን ዕቃ እያቀያየርን ጥፋተኛውን እንይዛለን። ለዚህ የ10 መፍቻ፣ ረጅም የ16 የካንዴላ መፍቻና ትዕግሥት ይበቃል። እዚህ የምጽፈው ባለ 1.5 ሊትሩን ቪትዝ ወይም ያሪስ እያሰብኩ ነው፤ ለእያንዳንዱ ሲሊንደር የራሱ ኮይል ላለው ሌላ የቤንዚን መኪናም ይሠራል።

ከመጀመራችሁ በፊት መብራቱን እዩ

የቼክ ኢንጅን መብራት ዝም ብሎ ከበራ ቀስ ብላችሁ ቤት መድረስ ትችላላችሁ። ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ ግን ዳር ይዛችሁ ቁሙ። ያልተቃጠለው ቤንዚን ወደ ጭስ ማውጫው ወርዶ ካታሊስቱ (ጭሱን የሚያጣራው ክፍል) ውስጥ ይቀጣጠላል፣ ውስጡንም ያቀልጠዋል። የአንድ ኮይል ችግር የካታሊስት ወጪ የሚያስከትለው እንዲህ ነው።

የተኛው የቱ ነው?

ከመሪው ሥር የሚሰካ፣ መኪናዋ የመዘገበችውን የብልሽት ኮድ የሚያነብ ትንሽ የብሉቱዝ ማንበቢያ ካላችሁ ከስልካችሁ ጋር አገናኙት። ፒ0301 ካለ ችግሩ አንደኛው ሲሊንደር ላይ ነው፣ ፒ0303 ካለ ሦስተኛው ላይ። የመጨረሻው ቁጥር ነው የሚነግራችሁ። ቪትዝ ላይ አንደኛው ሲሊንደር ቺንጋው ባለበት በኩል ያለው ነው፤ ከመኪናዋ ፊት ቆማችሁ ኮፈኑን ስትከፍቱ በግራ እጃችሁ በኩል ይሆናል።

ማንበቢያ ከሌለ ሞተሩን አጥፉና የአንዱን ኮይል ሶኬት ንቀሉ። አስነሱና አዳምጡ። መንቀጥቀጡ ከባሰ ያ ሲሊንደር ደኅና ነበር። ምንም ለውጥ ከሌለ ግን አገኛችሁት፤ ድሮም አይሠራም ነበር። አጥፉ፣ ሶኬቱን መልሱ፣ ወደሚቀጥለው እለፉ። ሶኬት ተነቅሎ ሞተሩን ከጥቂት ሰከንድ በላይ አታሠሩት፤ ምክንያቱ ያው ካታሊስቱ ነው። ሞተሩ እየሠራ ኮይል በእጅ መንቀል ደግሞ አይሞከርም። እዚያ ውስጥ ያለው በአስር ሺዎች የሚቆጠር ቮልት ነው።

አሁን ማቀያየር

የተኛው ሦስተኛው ነው እንበል። የሦስተኛውን ኮይል ፈታችሁ አንደኛው ላይ፣ የአንደኛውን ሦስተኛው ላይ አድርጉ። ኮዱን በማንበቢያው አጥፉና ትንሽ ንዱ። ፒ0303 የነበረው ወደ ፒ0301 ከዞረ ኮይሉ ራሱን አጋለጠ፤ አንድ ብቻ ግዙ። ፒ0303 ሆኖ ከቀረ ኮይሉ ንጹሕ ነው። ቀጥሎ የሁለቱን ካንዴላዎች በተመሳሳይ መንገድ አቀያይሩ።

ካንዴላ የሚፈታው ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ነው። ካንዴላው የሚገባበት የሞተሩ ራስ፣ ቴስታታው፣ አልሙኒየም ስለሆነ ትኩስ እያለ ጥርሱ ይበላል። ስትመልሱም መጀመሪያ በጣት አዙሩት። ገና ከመጀመሪያው ከከበደ ጠሟል ማለት ነውና አውጥታችሁ እንደገና ጀምሩ። አዲስ ካንዴላ ከተቀመጠ በኋላ ግማሽ ዙር ያህል ማጥበቅ ይበቃዋል።

አንዴ ካወጣችሁት ደግሞ ፊቱን አንብቡት፤ ብዙ ያወራል። በቤንዚን ከራሰ እሳት አልደረሰውም፣ ወደ ኮይሉ ወይም ወደ ራሱ ወደ ካንዴላው ተመለሱ። ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ከያዘ ቤንዚን በዝቷል ወይም እሳቱ ደክሟል። ነጭ ከሆነ በተቃራኒው ነዳጅ አንሶታል፤ ነዳጁን የሚረጨው ኢንጀክተር ደፍኖ ሊሆን ይችላል ወይም የሆነ ቦታ አየር ይገባል። ጫፉ በዘይት ከተለወሰ ዘይቱ ከፒስተን ሪንግ ወይም ከቫልቭ በኩል እየገባ ነው። ዘይቱ ከላይ፣ ኮይሉ በሚቀመጥበት ጉድጓድ ውስጥ ብቻ ከሆነ ግን አትደንግጡ። የላይኛው ክዳን ጓርኒሲዮን (በመጋጠሚያው መካከል ያለው ማሸጊያ) እና የካንዴላው ጉድጓድ ጎማ አርጅተው ነው። እነሱን ቀይሩ፣ ጉድጓዱን አጽዱ። ዘይቱ ሳይጸዳ የገባ አዲስ ኮይል ዕድሜው አጭር ነው።

ካንዴላ ስትገዙ ካርቶኑ ላይ በተጻፈው ስም ብቻ አትመኑ። ዴንሶና ኤንጂኬ ተመስለው የተሠሩ ገበያው ላይ ሞልተዋል። ለዚህ ሞተር ክፍተቱ 1.1 ሚሊ ሜትር ነው። የኢሪዲየም ጫፍ በጣም ቀጭን መሆን አለበት፤ «ኢሪዲየም» ተብሎ ወፍራም ጫፍ ካያችሁ ለባለ ሱቁ መልሱለት።

መቼ ነው የሚብሰው?

ሚኒሞ ላይ ነው? ነዳጅ ስትሰጡት ይስተካከላል? አንዱ ቱቦ ተሰንጥቆ አየር እየሳበ ይሆናል። ፉጨት መሰል ድምፅ አዳምጡ። የሳሙና ውኃ በትንሹ በቱቦዎቹ መጋጠሚያ ላይ ርጩ፤ ድምፁ ከተለወጠ ቀዳዳው እዚያ ነው። አንዳንዱ ለዚህ የካርቡራተር ማጽጃ ይረጫል። በጋለ ሞተር ላይ የሚቀጣጠል ነገር መርጨት እኔ አልመክርም።

የእንጦጦን ዳገት ስትወጡ ብቻ ነው? ጭነት ሲበዛ ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግፊት ይጨምራል፣ ካንዴላውም ለመፈንጠቅ ከፍ ያለ ቮልት ይፈልጋል። የደከመ ኮይል ሜዳ ላይ አይታወቅበትም፣ እዚህ ላይ ይያዛል።

ከላቫጆ እንደወጣች ነው? ሞተሩን በግፊት ውኃ አጥበውላችኋል። ኮይሎቹን አውጡ፣ ጉድጓዱን አድርቁ። አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ በላይ ሥራ የለውም።

በጀሪካን ቤንዚን ከሞላችሁ በኋላ ነው? ኮዱ ፒ0300 ከሆነ፣ ማለትም አንዱን ሳይለይ ሁሉም ሲሊንደሮች ካስቸገሩ፣ ኮይል አትጠርጥሩ። ነዳጁ ውኃ ወይም ሌላ ነገር ተቀላቅሎበት ሊሆን ይችላል፤ ታንከሩ ይጥራ።

ጠዋት ስትነሳ ለአንድ ደቂቃ ተንቀጥቅጣ ትተዋለች? የራዲያተር ውኃም ሳይፈስ ይጎድላል? ነጭ ጭስም አለ? የቴስታታ ጓርኒሲዮን ነው የሚጠረጠረው። ይህ የጓሮ ሥራ አይደለም፤ እያስነሳችሁም አትፈትኗት።

ኮይልና ካንዴላ ንጹሕ ከሆኑ

ኢንጀክተሩ ይቀራል። ሞተሩ እየሠራ የረጅም ካቻቢቴ ጫፍ ኢንጀክተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮአችሁ ላይ አድርጉ። ልብሳችሁንና ፀጉራችሁን ከቺንጋው አርቁ። አራቱም እኩል «ቲክ ቲክ» ማለት አለባቸው። አንዱ ዝም ካለ ሶኬቱን ወይም ራሱን ኢንጀክተሩን እዩ። ድምፅ እያለው ደፍኖም ሊሆን ስለሚችል ይህ ግማሽ ማስረጃ ብቻ ነው።

የመጨረሻው ኮምፕሬሽን፣ ማለትም ፒስተኑ አየሩን ሲያምቅ የሚፈጠረው ግፊት ነው። መለኪያውን ከሚያውቁት ጋራዥ መዋስ ይቻላል። እዚህ ላይ አዲስ አበባ የምንኖር ሰዎች ልንጠነቀቅ ይገባል። የአምራቹ መጽሐፍ ለዚህ ሞተር ወደ 15 ባር ገደማ ይላል፤ ያ ግን ባሕር ጠለል አካባቢ ነው። ከ2,300 ሜትር በላይ አየሩ ስለሚሳሳ 11 ባር አካባቢ ብታነቡ ሞተሩ አልሞተም። «ኮምፕሬሽን የለውም፣ ይከፈት» ከመባሉ በፊት አራቱን እርስ በርስ አወዳድሩ። ከ1 ባር በላይ የሚበላለጡ ከሆነ ችግር አለ። ዝቅ ባለው ሲሊንደር አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ጨምራችሁ እንደገና ለኩ። ከፍ ካለ ሪንጉ ነው። ካልተለወጠ ቫልቭ ወይም ጓርኒሲዮን፤ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች አብረው ከወረዱ ደግሞ በመካከላቸው ያለው ጓርኒሲዮን።

ጋራዥ ስትገቡ «ትንቀጠቀጣለች» ብላችሁ አትጀምሩ። «ሦስተኛው ሲሊንደር ነው፤ ኮይልና ካንዴላ አቀያይሬ አልዞረም፤ ኮምፕሬሽኑ ይኼን ያህል ነው» በሉት። መካኒኩ አራት ኮይል ከማዘዝ ይልቅ ወደ ቫልቩ ይሄዳል።