የማኔጅመንት ማስተርስ የቢዝነስ ትምህርት ቤት ሲመርጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሁለት ወይም ሦስት የመግቢያ ደብዳቤ ይዞ አንዱን መምረጥ ጥጋብ ይመስላል። ብዙ ገንዘብና ጊዜ የሚባክነው ግን እዚህ ላይ ነው። ማመልከቻ ካልተሳካ በሚቀጥለው ዓመት ይደገማል፤ ቅድሚያ ክፍያ ተከፍሎ፣ ቪዛ ተወስዶና ትምህርት ተጀምሮ ግን ወደ ኋላ መመለስ በጣም ከባድ ነው። ከታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ ትምህርት ቤቱን በስሙ ብቻ ከመመዘን ይመጣሉ። እኛ የምንመክረው ምርጫውን ከመጨረሻው እንዲጀምሩት ነው፦ ከተመረቁ በኋላ የት አገር፣ በምን ቋንቋ፣ ምን ዓይነት ሥራ ይፈልጋሉ? ይህን በሁለት መስመር ጽፈው ካስቀመጡ በኋላ ትምህርት ቤቶቹን አንድ በአንድ ከዚያ ጋር ያስተያዩ።

የፕሮግራሙን ዓይነት ሳይለዩ ማወዳደር

የማኔጅመንት ማስተርስ በዋናነት የተዘጋጀው ምንም ወይም እስከ ሁለት ዓመት ገደማ የሥራ ልምድ ላላቸው አዲስ ተመራቂዎች ነው። ኤምቢኤ ደግሞ ለጥቂት ዓመታት ሠርተው ለተመለሱ ሰዎች ነው። የአምስት ዓመት ልምድ ይዞ ማኔጅመንት ማስተርስ የሚገባ ሰው ትምህርቱ ላይከብደው ይችላል፤ ችግሩ የሚመጣው ሥራ ሲፈልግ ነው። ወደዚያ ግቢ የሚመጡት ቀጣሪዎች የሚፈልጉት ጀማሪ ሠራተኛ ስለሆነ ደመወዙም ኃላፊነቱም የጀማሪ ነው።

ከዚህ ይበልጥ የሚረሳ ሌላ ልዩነት አለ። በብሪታንያ ማኔጅመንት ተብለው የሚጠሩ በርካታ የአንድ ዓመት ፕሮግራሞች የተነደፉት ቢዝነስ ላልተማሩ ሰዎች ነው፤ ኢንጂነሪንግ፣ ታሪክ ወይም ባዮሎጂ ያጠና ሰው የሒሳብ አያያዝን፣ ማርኬቲንግንና ፋይናንስን ከመሠረቱ የሚማርባቸው ናቸው። በጀርመን ያሉ ብዙ ፕሮግራሞች ግን የተወሰነ የቢዝነስ ክሬዲት ያለው የመጀመሪያ ዲግሪ ይጠይቃሉ። ቢዝነስ ያጠና ሰው የፊተኛውን ቢመርጥ የመጀመሪያ ዲግሪውን ሁለተኛና ሦስተኛ ዓመት በውድ ዋጋ ይደግማል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ የግዴታ ኮርሶችን ዝርዝር ከራስዎ የውጤት ማስረጃ ጎን ያስቀምጡ። ከግዴታዎቹ ግማሽ ያህሉ ቀድሞ የወሰዷቸው ከሆኑ ያ ፕሮግራም ለእርስዎ አልተዘጋጀም።

የደረጃ ሰንጠረዥን እንደ ፍርድ መቀበል

በዚህ መስክ ብዙ የሚጠቀሰው የብሪታንያው ጋዜጣ ፋይናንሻል ታይምስ ከ2005 ጀምሮ የሚያወጣው ሰንጠረዥ ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታትና ወራት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ጠቃሚ ነው፤ ሆኖም ምን እንደሚለካ ማወቅ ያስፈልጋል። መጠይቁ የሚላከው ከተመረቁ ሦስት ዓመት ለሆናቸው ሰዎች ነው። ስለዚህ በ2025 የወጣ ደረጃ በ2022 የተመረቁትን ያሳያል፤ እነሱ የተማሩበት ሥርዓተ ትምህርትና ያኔ የነበረው የሥራ ገበያ ዛሬ ላይኖሩ ይችላሉ።

ሁለተኛው ጉዳይ ደመወዙ ነው። በሰንጠረዡ ላይ በዶላር የተጻፈው ቁጥር በየአገሩ ባለው የመግዛት አቅም የተስተካከለ ነው። ኑሮ ርካሽ በሆነበት አገር የሚሠራ ተመራቂ ደመወዝ በወረቀቱ ላይ ከፍ ብሎ ይታያል፤ ባንክ ሒሳቡ ውስጥ የሚገባው ግን ያ አይደለም። የትምህርት ብድር በሌላ ገንዘብ መክፈል ያለበት ሰው ይህን ልዩነት ካላወቀ የብድር ስሌቱ ከመነሻው ይሳሳታል።

ሦስተኛ፣ ተቀራራቢ ደረጃ ባላቸው ትምህርት ቤቶች መካከል ያለው የነጥብ ልዩነት ጥቂት ነው። 14ኛውን ትቶ 11ኛውን መምረጥ ምክንያት የለውም። አንዳንድ ጠንካራ ዩኒቨርሲቲዎች ደግሞ ጭራሽ ስለማይሳተፉ ዝርዝሩ ውስጥ አይገኙም። ሰንጠረዡን እንደ ወንፊት ይጠቀሙበት፦ የሦስት ወይም የአራት ዓመት ደረጃዎችን ጎን ለጎን አስቀምጠው ትምህርት ቤቱ የሚዋልልበትን ክልል ይዩ፤ ከዚያ ሰንጠረዡን ዘግተው ወደሚቀጥለው ሥራ ይሂዱ።

የጥራት ዕውቅናን ከዲግሪው ሕጋዊ ዋጋ ጋር ማምታታት

ሦስት የታወቁ ዓለም አቀፍ የዕውቅና ሰጪዎች አሉ፦ በ1916 አሜሪካ ውስጥ የተመሠረተው ኤኤሲኤስቢ፣ በ1967 ለንደን ውስጥ የተመሠረተው ኤኤምቢኤ፣ እና በ1990ዎቹ መጨረሻ በአውሮፓ የተጀመረው ኢኩዊስ። ሦስቱንም የያዙ ትምህርት ቤቶች በዓለም ካሉት የቢዝነስ ትምህርት ቤቶች 1 በመቶ ገደማ ብቻ ናቸው። እነዚህ ማኅተሞች ስለ ትምህርት ቤቱ ጥራት ይናገራሉ እንጂ መንግሥት ዲግሪውን እንደ ማስተርስ ይቀበለዋል ማለት አይደሉም።

ፈረንሳይን እንውሰድ። «ኤምኤስሲ» ወይም «ኤምቢኤ» የሚለው ስያሜ ትምህርት ቤቱ ራሱ ያወጣው ሊሆን ይችላል። መንግሥት የሚያውቀው ብሔራዊ የማስተርስ ዲፕሎማን ወይም «ግራድ ደ ማስተር» (የማስተርስ ደረጃ ማረጋገጫ) የተሰጠውን ዲፕሎማ ነው። ልዩነቱ የሚወጣው ከምረቃ በኋላ ለመኖሪያ ፈቃድ፣ ለዶክትሬት ወይም ለመንግሥት ሥራ ሲያመለክቱ ነው። ስለዚህ የመግቢያ ክፍሉን «በምረቃ ቀን እጄ ላይ የሚሰጠው ወረቀት ላይ ምን ተብሎ ይጻፋል? በመንግሥት ዘንድስ ምን ደረጃ አለው?» ብለው በጽሑፍ ይጠይቁ።

የክሬዲት ብዛትም እዚሁ ይገባል። በአውሮፓ ሥርዓት አንድ ሙሉ የትምህርት ዓመት 60 ክሬዲት ነው፤ አንዱ ክሬዲት ከ25 እስከ 30 ሰዓት ሥራ ይይዛል። ማስተርሶች እንደየአገሩ 60፣ 90 ወይም 120 ክሬዲት ይሆናሉ፤ የብሪታንያው 180 ክሬዲት በአውሮፓው ሲቆጠር 90 ነው። ዶክትሬት የሚያስቡ ከሆነ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የመጀመሪያ ዲግሪና ማስተርስ ተደምረው 300 እንዲሞላ ይፈልጋሉ። የሦስት ዓመት ዲግሪ (180) ከአንድ ዓመት ማስተርስ (60) ጋር 240 ብቻ ይሆናል። የአራት ዓመት ዲግሪ (240) ያለው ሰው ግን በዚያው የአንድ ዓመት ማስተርስ 300 ይሞላል። አንድ ዓይነት ፕሮግራም ለአንዱ በቂ ሆኖ ለሌላው የሚያጥረው በዚህ ነው።

የቅጥር ሪፖርቱን የመጀመሪያ ገጽ አንብቦ ማቆም

ከሁሉም በላይ ጊዜ ሊሰጡት የሚገባ ነገር ይህ ነው። «90 በመቶ ተመራቂዎቻችን ሥራ አግኝተዋል» የሚል ዓረፍተ ነገር ውሸት ሳይሆን እንኳ ሊያሳስት ይችላል። 200 ተማሪ ያለው ክፍል እናስብ። መጠይቁን የመለሱት 120 ናቸው። ከእነሱ «ሥራ እየፈለግን ነበር» ያሉት 100። ከመቶዎቹ 90 ሥራ አገኙ። ትምህርት ቤቱ 90 በመቶ ብሎ ይጽፋል፤ ሥራ መያዛቸው በእርግጥ የታወቀው ግን ከ200ው 90፣ ማለትም 45 በመቶው ነው። መጠይቁን ያልመለሱት 80 ሰዎች ሥራ የላቸውም ማለት አይደለም፤ ነገር ግን ሥራ ያጣ ሰው መጠይቅ ለመመለስ ጉጉቱ ያነሰ እንደሚሆን መገመት አይከብድም።

ስለዚህ ሪፖርቱን ሲከፍቱ አካፋዩን ይፈልጉ፦ ስንት ተመረቁ፣ ስንት መለሱ፣ ከስሌቱ የወጡት እነማን ናቸው። ቀጥሎ ጊዜውን ይዩ፤ በምረቃ ቀን የተለካና ከስድስት ወር በኋላ የተለካ ቁጥር አይወዳደሩም። ደመወዙ አማካይ ነው ወይስ ደመወዞቹ በቅደም ተከተል ሲደረደሩ መሐል ላይ የሚውለው? ሁለት ወይም ሦስት የኢንቨስትመንት ባንክ ደመወዞች የአንድን ትንሽ ክፍል አማካይ ወደ ላይ ይጎትቱታል፤ የመሐሉን ግን እምብዛም አይነኩትም። ወደ ቤተሰብ ድርጅት ወይም ወደ ቀድሞ መሥሪያ ቤታቸው የተመለሱ ሰዎችስ ተቆጥረዋል?

ከውጭ አገር ለሚመጣ ተማሪ ዋናው ጥያቄ ደግሞ በሪፖርቱ ብዙ ጊዜ አይገኝም፦ የአገሩ ዜጋ ካልሆኑት ውስጥ ስንቱ እዚያው አገር ተቀጠሩ? ይህን በቀጥታ ይጠይቁ። መልስ ካላገኙ ራስዎ ይቁጠሩ። ሊንክድኢን ላይ የትምህርት ቤቱን የተመራቂዎች ገጽ ከፍተው በፕሮግራሙ ስምና በምረቃ ዓመት ያጣሩ። ከሁለት ዓመት በፊት ከተመረቁት ከ30 እስከ 40 ሰው ይውሰዱ፤ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ያገኙበትን አገር፣ የመጀመሪያ ሥራቸውን፣ ከተማውንና ከምረቃ እስከ ሥራ ያለፈውን ወር በሰንጠረዥ ያስፍሩ። ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት ይፈጃል። የተሳካላቸው ሰዎች ገጻቸውን ይበልጥ እንደሚያድሱ አስበው ውጤቱን ጥቂት ዝቅ አድርገው ያንብቡት። እንደዚያም ሆኖ ከየትኛውም የማስታወቂያ መጽሔት ይልቅ ይህ ሰንጠረዥ ይጠቅምዎታል።

«ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው» ብሎ መዝናናት

ክፍሉ በእንግሊዝኛ ነው፤ ደንበኛው፣ የሽያጭ ስብሰባውና የሠራተኛ አስተዳደሩ ግን በአገሩ ቋንቋ ናቸው። በፈረንሳይ፣ በጀርመን፣ በጣሊያን ወይም በስፔን መቅረት የሚፈልግ ሰው ብዙ ቀጣሪዎች በአገሩ ቋንቋ ቢያንስ ቢ2 (ከስድስቱ የአውሮፓ የቋንቋ ደረጃዎች አራተኛው) እንደሚጠብቁበት ማወቅ አለበት። ከዜሮ ተነስቶ እዚያ ለመድረስ 600 የትምህርት ሰዓት ገደማ ይጠይቃል፤ በሳምንት 12 ሰዓት ቢያጠኑ 50 ሳምንት ነው። በአንድ ዓመት ማስተርስ ላይ ደርቦ ይህን መወጣት ከአቅም በላይ ይሆናል። ወይ ከመሄድዎ በፊት ይጀምሩ፣ ወይ የሁለት ዓመት ፕሮግራም ይምረጡ፣ ወይ እንግሊዝኛ የሥራ ቋንቋ የሆነበትን አገር ይምረጡ።

ከምረቃ በኋላ ያለውን የመቆያ ፈቃድ አለመቁጠር

ጀርመን ለተመራቂዎች ሥራ መፈለጊያ 18 ወር ትሰጣለች። ኔዘርላንድስ አንድ ዓመት ትሰጣለች፤ ማመልከቻውን ትምህርቱ ባለቀ በሦስት ዓመት ውስጥ ማስገባት ይቻላል። ብሪታንያ ለማስተርስ ተመራቂ ሁለት ዓመት ትሰጥ የነበረ ሲሆን ከጥር 2027 (በፈረንጅ አቆጣጠር) ጀምሮ ለሚያመለክቱ 18 ወር እንዲሆን ወስናለች። አሜሪካ 12 ወር ትሰጣለች፤ ፕሮግራሙ በሳይንስና ቴክኖሎጂ ምድብ የተመዘገበ ከሆነ 24 ወር ይጨመርበታል። ይህ የመጨረሻው ብዙ ሰው ያመልጠዋል። ስማቸው ተመሳሳይ የሆነ ሁለት የማኔጅመንት ዲግሪዎች በተመዘገቡበት ኮድ ብቻ አንዱ 12፣ ሌላው 36 ወር ያስገኛል። ኮዱን ከመግቢያ ክፍሉ ጠይቀው ይያዙት። እነዚህ ሕጎች ስለሚለዋወጡ ከመወሰንዎ በፊት በየመንግሥታቱ ይፋዊ ገጽ ላይ ያረጋግጡ።

የትምህርት ክፍያን ብቻ ማወዳደር

የሚወዳደረው ጠቅላላ ወጪ ነው፦ የትምህርት ክፍያ፣ የኑሮ ወጪ በወራት ተባዝቶ፣ ቪዛና የጤና መድን፣ እና በትምህርት ላይ ሳሉ የሚያጡት ደመወዝ። በጀርመን፣ ማንሃይም ዩኒቨርሲቲ በሚገኝበት ባደን-ቩርተምበርግ ክልል ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የመጣ ተማሪ በሴሚስተር 1,500 ዩሮ ይከፍላል፤ በአራት ሴሚስተር 6,000 መሆኑ ነው። ርካሽ ይመስላል፤ የሁለት ዓመት ኑሮ ግን ይጨመርበታል። ለጀርመን ቪዛ በዝግ ሒሳብ ማሳየት የሚጠበቀው 11,904 ዩሮ ለአንድ ዓመት ነው፤ በየወሩ 992 እየተለቀቀ ይኖሩበታል እንጂ ለትምህርት ቤቱ የሚከፈል አይደለም። በብሪታንያ ደግሞ የተማሪ የጤና ክፍያ በዓመት 776 ፓውንድ ሲሆን ከቪዛው ማመልከቻ ጋር በቅድሚያ ይከፈላል።

ስኮላርሺፕ ሲሰጥዎ ሦስት ነገር ያጣሩ፦ ለሁለቱም ዓመት ነው ወይስ ለመጀመሪያው ብቻ፣ የሚጠብቀው ውጤት ስንት ነው፣ ውጤቱ ቢጎድል ምን ይሆናል። ብዙ ስኮላርሺፖች ከመግቢያው ማመልከቻ ቀድመው እንደሚዘጉም አይርሱ።

አጭሩን ፕሮግራም ያለ ስሌት መምረጥ

አንድ ዓመት ገንዘብ ይቆጥባል፣ ኢንተርንሺፕ የሚሠራበትን ክረምት ግን ይበላል። የትልልቅ አማካሪ ድርጅቶችና ባንኮች የቅጥር ማመልከቻ የሚከፈተው ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ነው። በመስከረም የጀመረ የአንድ ዓመት ተማሪ ገና የመጀመሪያ ፈተናውን ሳይወስድ፣ ያለ ውጤትና ያለ ኢንተርንሺፕ ማመልከት አለበት። ቀድሞ ጥሩ ልምምድ ያለው ሰው ይህ አይጎዳውም። የሌለው ግን መሐል ላይ ክረምት ያለውን የሁለት ዓመት ፕሮግራም ቢመርጥ ይሻለዋል።

አሮጌና አዲስ የጂማት ውጤትን ማቀላቀል

ጂማት ብዙ የቢዝነስ ትምህርት ቤቶች የሚጠይቁት የመግቢያ ፈተና ነው፤ ከየካቲት 2024 ወዲህ በአዲሱ መልክ ብቻ ነው የሚሰጠው፤ ውጤቱም ከ205 እስከ 805 ነው። በአዲሱ 645 ማለት በአሮጌው 700 ገደማ ማለት ነው። አንድ ትምህርት ቤት «አማካያችን 690» ሲል የትኛውን እንደሆነ ሳይጠይቁ ተስፋ አይቁረጡ።

የትስስር ስምን እንደ ዋስትና መያዝ

በ1988 የተመሠረተው ሴምስ በየአገሩ ያሉ ትምህርት ቤቶችን የሚያገናኝ የጋራ ማስተርስ ነው። አባል ትምህርት ቤት መግባት ሴምስ መግባት ማለት አይደለም፤ የራሱ ውድድርና የቋንቋ መስፈርት አለው። ለጥምር ዲግሪም ያው ነው። ባለፈው ዓመት ስንት ሰው አመልክቶ ስንቱ እንደተመረጠ ይጠይቁ፤ ያ ዕድል ባይሳካም ትምህርት ቤቱን ይወዱት እንደሆነም ያስቡበት።

ቅድሚያ ክፍያን በችኮላ መላክ

አንዱ ትምህርት ቤት ገንዘብ እስከ መጋቢት 15 ይጠይቃል፤ የሚመርጡት ሌላው መልሱን የሚሰጠው መጋቢት 30 ነው። ይህ ሲያጋጥም ለመጀመሪያው ትምህርት ቤት ምክንያትዎን ጠቅሰው የሁለት ሳምንት ማራዘሚያ በኢሜይል ይጠይቁ፤ ብዙዎች ይፈቅዳሉ። ለሁለተኛው ደግሞ ሌላ ቅበላ እንዳለዎት ገልጸው ውሳኔው እንዲፋጠን ይጠይቁ። ቪዛ ቢከለከሉ ገንዘቡ ይመለሳል ወይስ አይመለስም፣ ለመመለስስ ምን ማስረጃ በስንት ቀን ውስጥ ይፈለጋል የሚለውን መልስ በጽሑፍ ሳይዙ ምንም ገንዘብ አይላኩ።